እኩያዬን እትዬ ያልኳት እኔ ነኝ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩትም፤ እናቴም ሳትሰማው ሞታለች። ስጸልይ እንኳ «በማወቅም ባለማወቅም የበደልኩትን» ብዬ ከሌላው ጋር ጠቅልዬ ነው የማልፈው። ይሄኛው ግን ባለማወቅ አልነበረም። እኛ ጴንጤዎች የንስሐ አባት የለንም፤ ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ ለዛሬ የንስሐ አባቶቼ ትሆናላችሁ። እንድታጽናኑኝ አልፈልግም። እስከ መጨረሻው ብቻ ስሙኝ።

ያደረግኩት ይህ ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ከእኔ በሰባት ወር የምታንስን ልጅ «ትልቅ ሴት ናት» አሰኘኋት። እኔ ነኝ ያሰኘኋት። ዕድሜዋን አውቅ ነበር። በዚህ አገር ከአባቷ ሌላ እርግጡን የምናውቅ እኔና እናቴ ብቻ ነበርን፤ አባቷን ደግሞ ማንም አላመነውም።

ሰብለ ትባላለች። ቤተ ክርስቲያናችን አሜሪካ፣ አውሮራ በምትባል ከተማ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ከአሜሪካኖች የምንከራየው አዳራሽ ነበር፤ እኔ በወጣቶች መዘምራን ውስጥ እዘምር ነበር። ግማሾቻችን እዚሁ የተወለድን፣ ግማሾቻችን እንደ እኔ በአራትና በአምስት ዓመታችን የመጣን ልጆች ነን፤ አማርኛችን ከመዝሙር ውጭ ሩቅ አያስኬድም። ሶሎ የምወስደው እኔ ነበርኩ። በድምፄ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ግጥሙን በፊደል ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ነው።

ሰብለ ከቢሾፍቱ መጣች። አባቷ አቶ ግርማ እሷ ሳትወለድ በሱዳን በኩል ወጥቶ፣ ብዙ ዓመት ተንከራቶ እዚህ ደርሶ፣ እናቷ በሕፃንነቷ ሞታባት አክስቷ ያሳደገቻትን ልጁን አስመጣት። ቻምበርስ ሮድ ላይ ካሉት አፓርትመንቶች በአንዱ ሁለቱ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ቀሚሷ ረጅም፣ ጫማዋ አክስቷ የገዛችላት ባለ አጭር ተረከዝ ጥቁር ጫማ፣ ፀጉሯ ሹሩባ። ትምህርት ቤትም ከእኔ ጋር አሥረኛ ክፍል ገባች። በመጀመሪያው ልምምድ የመዘምራኑ መሪ ጋሽ ታምራት «እስቲ አንድ ነገር ሞክሪ» አላት። ዘመረች። ኪቦርድ የሚጫወተው ናታን እጁን አንስቶ መከተሉን ተወና ዝም ብሎ አያት። እኔ ደግሞ ናታንን አየሁት።

ናታንን እወደው ነበር። በዚያ ዕድሜ እንደሚወደደው፣ ማለትም እሱ ሳያውቅ እኔ ስበላም ስተኛም እያሰብኩት። ያን ቀን ግን ሰብለን ሲያያት አይቼ መወደድ ምን እንደሚመስል አወቅኩ። ከዚያ በኋላ ከልምምድ በኋላ ቀርቶ ለድምጿ የሚስማማውን ቁልፍ በኪቦርዱ ይፈልግላታል፤ ሁለቱ ብቻቸውን አይደሉም፣ ሁላችንም እዚያው ነን፣ እሱ ግን ሁላችንንም አያየንም። ሶሎውም በሁለት ሳምንት ውስጥ ከእኔ ወደ እሷ ሄደ። ጋሽ ታምራት ያዘነልኝ መስሎ ኤኮውን፣ የሷን የመጨረሻ ቃል ከኋላ መድገሙን፣ ሰጠኝ። ኤኮ!

ልጆች ዕድሜን እንዴት እንደሚያዩ ረስታችሁት ይሆናል። ለእኛ በአንድ ዓመት የሚበልጥ ሰው ቆንጆ ነው። በሁለት ዓመት የሚበልጥ ደፍረን የማናናግረው ነው። ከዚያ በላይ የሆነ ግን ሰው መሆኑም ይቀራል፤ አስተማሪ ነው፣ ወላጅ ነው፣ የሚያሳፍር ነው። አንዲት ልጅ እንዲህ የምትዘምር ከሆነ ደግሞ በእኛ ዓይን እኩያችን ልትሆን አትችልም፤ እኩያችን ከሆነች እኛ ምንድን ነን? ከራሳችን የሚበልጥን ችሎታ ዕድሜ ብለን መጥራት ይቀለን ነበር። ይህን ሁሉ ያን ጊዜ በቃል ልለው አልችልም። በሥራ ግን አውቀው ነበር፤ ተጠቅሜበታለሁም።

የፋሲካ ፕሮግራም መጣ። እናቴ አዛውንት የሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ስለምትሠራ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አትመጣም፤ ለፋሲካ ብላ ግን ከጓደኛዋ ጋር ሺፍት ተቀያይራ መጣች። ሰብለ ስትዘምር አየኋት፤ እናቴ ከመቀመጫዋ ወደ ፊት ተስባ ነበር። ፕሮግራሙ ሳያልቅ ወደ ሥራ ሮጠች። በማግስቱ ወጥ ቤት ውስጥ ያዘችኝ።

«ያቺ የዘመረችው ልጅ የማን ልጅ ናት?»

«የአቶ ግርማ።»

«እናቷ አስካለ አይደለችም?»

እኔ ምን አውቄ። ጠይቂያት አለችኝ። በሚቀጥለው ልምምድ እንደ ቀልድ ጠየቅኳት። «አዎ አስካለ፤ እንዴት አወቅሽ?» አለች፤ ፊቷ በርቶ። «አንድ ሰው ጠይቆኝ ነው» ብዬ ዞር አልኩ። ማን እንደሆነ ደግማ ጠየቀችኝ። አልመለስኩላትም።

ለእናቴ ስነግራት ተቀምጣ አለቀሰች። አስካለና እሷ ኮልፌ አንድ ግቢ ውስጥ ተከራይተው ይኖሩ ነበር። እኔ ስወለድ እናቴን ያረሰቻት አስካለ ነበረች። የሁለት ወር እርጉዝ ሆና፣ የቅቤው ሽታ እያስመለሳት፣ ገንፎውን ታገነፋለች፣ ወደ ውጭ ትሮጣለች፣ አፏን ተጉመጥሙጣ ተመልሳ ታማስላለች። ያ በሆዷ የነበረው ጽንስ ሰብለ ናት። እናቴ እያለቀሰች ትስቅ ነበር። «ድምጿም የእናቷ ነው፤ አስካለ ልብስ ስታጥብ ግቢው ሥራ ይፈታ ነበር» አለችኝ። ከዚያ እጄን ይዛ፣ «ነገ ዳብል ሺፍት ነኝ፣ ከነገ ወዲያም አይመቸኝም፤ ቅዳሜ አምጫት። ስለ እናቷ የምነግራት ብዙ አለኝ» አለች።

እሺ አልኩ። አላመጣኋትም።

ከዚህ በኋላ ያደረግኩትን ስታነቡ ይህን አትርሱ። ሰብለ ከእኔ በሰባት ወር እንደምታንስ አውቃለሁ። እናቷ ለእናቴ ምን እንደሆነች አውቃለሁ። ይህን ሁሉ ይዤ ነው በሚቀጥለው ልምምድ ሰብለ በበሩ ስትገባ ከወንበሬ ብድግ ብዬ «ኖር፣ እትዬ ሰብለ» ያልኩት።

እትዬ የምንላቸው የእናቶቻችንን ጓደኞች ነበር። ኖር ብለን የምንነሳው ሽማግሌ ሲገባ፣ ያውም ወላጆቻችን ሲቆነጥጡን ነው። ልጆቹ ሳቁ። የሚያስቀው ግን ሰብለ የመለሰችው ነው፤ በደንብ ያደገች ልጅ ስለሆነች የጨዋታውን ወግ ጠብቃ «በእግዜር፣ ተቀመጡ» አለች፤ ራሷም ሳቀች። ያን ጊዜ ነገሩ እንደሠራ አወቅኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ልጆች አብረውኝ ተነሡ። ከዚያ ሁሉም። ወንበር ለቀቅንላት። «ይቅደሙ» እያልን ፒዛ አስቀደምናት። ከሷ ጋር ስናወራ «አንቺ» ማለት ቀረ፤ በዚያ በተሰባበረ አማርኛችን «እርስዎ» ማለትን ከሷ በላይ ለማንም አሳምረን ብለነው አናውቅም። ሰብለ ለመጀመሪያ ጊዜ «ይበቃል በቃ» ስትል የሳቀ አልነበረም፤ ሁላችንም በአክብሮት አንገታችንን ደፋን።

ስድብ ብሰድባት ኖሮ ሰው ይገሥጸኝ ነበር። ያከበረ ልጅን ማን ይገሥጻል?

ናታን ከልምምድ በኋላ መቅረቱን ተወ። አንድ ቀን መኪና ማቆሚያው ጋ ለጓደኛው ሲናገር ሰማሁት። «ዱድ፣ ሺ ኢዝ ላይክ ትዌንቲ ቱ። እኔ አላወቅኩም ነበር፤ ኢትስ ዊርድ፣ ይደብራል።» ሃያ ሁለትን እኔ አላልኩም። ቁጥሩን ማን እንዳመጣው እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ መንገዱን ነው የጠረግኩት፤ ቁጥሩ በራሱ እግር መጣበት። ደስ ብሎኝ ነበር ወይ? አዎ። ያን ቀን እየዘመርኩ ነው ቤቴ የገባሁት።

ከዚያ ነገሩ ወደ ትልልቆቹ ተሻገረ። ልጆቹ ሲነሡላት ያዩ እናቶች ልጆቹ የሚያውቁት ነገር ቢኖር ነው አሉ። እዚህ ጋ የእኛን ሰው ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚያ አዳራሽ ውስጥ ዕድሜው ከወረቀቱ ጋር የሚስማማ ትልቅ ሰው ጥቂት ነበር። አንዱ ለስደት ፕሮሰሱ ዕድሜ ቀንሷል፣ አንዷ በወረቀት ከእህቷ ጋር መንታ ሆናለች፣ አንዱ ገና ሲመዘገብ የተሳሳተውን ሳያርም ቀርቷል። ሌባ እናት ልጇን አታምንም እንደሚባለው፣ ሁሉም የራሱን ስለሚያውቅ የሰብለን ጠረጠረ። አቶ ግርማ «ልጄ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው» ብሎ ሲምል፣ «ምን ይበል ታዲያ፣ ስትወለድ አልነበረ፤ ያስመጣት እሱ» ይሉ ነበር። ክፋት አልነበረባቸውም። እንደነሱ ያደረገ መስሏቸው በሆዳቸው ያዘኑለትም ነበሩ።

የናታን እናት ግን ዝም አላለችም። ትልቅ ሴት ከልጆቻችን ጋር ምን ታደርጋለች ብላ ጋሽ ታምራትን ያዘችው። ጋሽ ታምራት ጨዋ ሰው ነው፤ ሳያጣራ አልፈረደም። እና ማንን ጠየቀ? እኔን። ከልምምድ በፊት ኮሪደሩ ላይ ጠርቶኝ ዝቅ ብሎ፣ «እናትሽ የሰብለን እናት ሳያውቋት አይቀሩም ይባላል፤ በፋሲካ ዕለት ‹የማውቃትን ሴት ትመስላለች› ብለዋል አሉ። አንቺ የምታውቂው ነገር አለ? ዕድሜዋ ስንት ነው? እውነቱን ንገሪኝ፤ በሰው ልጅ ቀልድ የለም» አለኝ።

አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው። አሥራ አምስት። ወይም «እናቴን ጠይቃት»። ይህን ብል የሚጎዳኝ ምን ነበር? ሶሎውን ታስቀርብኛለች፣ ናታን እንደገና ያያታል። ይህ ነው ሌላው የሚዛን ወገን። በአንዱ የሰው ልጅ፣ በሌላው ሶሎ።

«እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ» አልኩት፤ ዓይኔን መሬት ላይ ጥዬ። «እኛስ እትዬ ነው የምንላት።»

ራሱን ነቀነቀ። ያልተናገርኩትን እንደተናገርኩ አድርጎ ወሰደው፤ እንዲወስደው ነበር የተናገርኩት። በኋላ ዋሽቻለሁ ብዬ ራሴን እንዳልከስ ውሸት እንዳይሆን ጠንቅቄ ነው ያልኩት። ይህን ጥንቃቄ ከየት አመጣሁት? የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርሽ፣ አታውቂም ነበር ትሉኝ ይሆናል። ይህን ያህል የምትጠነቀቅ ልጅ ታውቃለች።

ሰብለን ወደ ዋናው መዘምራን አዛወሯት። እንደ ሹመት አድርገው ነው የነገሯት። ከሠላሳና ከአርባ ዓመት ሴቶች መሀል ቆማ ስትዘምር እኔ ሶሎዬን አገኘሁ። ትምህርት ቤት ምሳ ሰዓት ላይ ከቤተ ክርስቲያናችን ልጆች አንድም ከሷ ጋር የሚቀመጥ አልነበረም፤ ትልቅ ሰው ናታ። እናቴ ደግሞ በየሳምንቱ «ያቺን ልጅ መቼ ነው የምታመጫት?» ትለኛለች። አንድ ቀን ሰለቸኝና «አልመጣም ብላለች» አልኳት። ይሄኛው ግልጽ ውሸት ነው። እናቴ እጇን ከሳህኑ ላይ አነሣች። «ካልፈለገች ይቅር። ሐዘኗን እንዳልቀሰቅስባት ሰግታ ይሆናል» አለች። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም።

በረዶው ሲጀምር ሽማግሌዎች አቶ ግርማ ቤት ሄዱ። ከዋናው መዘምራን ጋር የሚያገለግል፣ ታክሲ የሚነዳ፣ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ሰው ነበር የላካቸው። ሰውየው መጥፎ ሰው አልነበረም፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው ሲባል አምኖ፣ አባቷን አክብሮ በወጉ ነው የላከው። ሦስት ሽማግሌዎች ካፖርታቸውን ለብሰው ተቀምጠው ልጅህን ለልጃችን ሲሉት አቶ ግርማ መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ሰብለ መኝታ ቤት ሆና የአልጀብራ የቤት ሥራዋን እየሠራች ትሰማ ነበር። አባቷ ሲገባው አልጮኸም ይባላል። በሩን ከፍቶ ይዞ ቆመ፤ እስኪወጡ።

ከዚያ እሑድ ጀምሮ አልመጡም። አቶ ግርማ ቤት ለቆ፣ ከእኛ ሰው ራቅ ብሎ ወደ ሌክውድ ሄደ። ትምህርት ቤቷም ተቀየረ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጥቂት ሰሞን ተወራ፤ ከዚያ ተረሳ። ናታን? በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ልጅ ወደደ፤ እኔን አይደለም። ሶሎውን ግን ሃይስኩል እስክጨርስ ዘመርኩት።

ይህን ሁሉ ዓመት ዝም ብዬ ለምን ዛሬ? ባለፈው ሰሞን የወጣቶች መዘምራን ኃላፊ እንድሆን ተጠየቅኩ። «ልጆቹ ይወዱሻል፣ ድምፅሽም ይታወቃል» አሉኝ። እንዳስብበት ብዬ ወጣሁና መኪናዬ ውስጥ ቁልፉን ሳላዞር ተቀመጥኩ። ልጆቹን ከእኔ ዓይነቱ ማን ይጠብቃቸዋል? ስልኳን ከሰው ሰው ጠይቄ አገኘሁና ደወልኩ። ስሜን ስነግራት «ቅዳሜ ጠዋት እቤት ነኝ» አለች፤ አድራሻውንም ላከችልኝ።

ሌክውድ ሄድኩ። ሰብለ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ሁለት ልጆች አሏት። ውሃ አቀረበችልኝ። ቆሜ ልናገር ብዬ ነበር፤ ተቀመጪ አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ኖርን፣ ኮሪደሩን፣ እናቴን። ስጨርስ የተናገረችው የጠበቅኩት አልነበረም።

«ኖር ማለቱን አንቺ እንደጀመርሽው አውቅ ነበር፤ ልጅ ነን ብዬ ትቼዋለሁ። የከበደኝ ሌላ ነው። ሁሉም ሰው ሲለኝ እኔም ተጠራጠርኩ። እናቴ የለች፣ አባባ ስወለድ አልነበረ። ፊቴን በመስታወት አየው ነበር፤ ምናልባት ተሳስተው ይሆን፣ ምናልባት እውነት ትልቅ ሰው ነኝ እል ነበር። ልጄን ስወልድ ሐኪሙ ዕድሜሽ ስንት ነው ሲለኝ እንኳ መታወቂያዬን አይቼ ነው የመለስኩለት።» መዝሙሩንስ አልኳት። «እዚህ ከመጣን አልዘመርኩም። ድምፄ ነው ያስረጀኝ ብዬ አስብ ነበር» አለች።

ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብላ ተቀመጠች። የተቆጣች ፊት አልነበረም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እናትሽ ስለ እናቴ ሌላ ምን አሉሽ?»

የገንፎውን ደግሜ ነገርኳት። ልብስ ስታጥብ የምትዘምረውን ደገምኩላት። «ሌላስ?» አለች። ምን ትዘምር እንደነበረ ጠየቀችኝ፤ ሳቋ እንዴት እንደነበረ፣ እሷን ስታረግዝ ደስ ብሏት እንደሆነ፣ ስም ያወጣላት ማን እንደሆነ። እናቴ ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር። ልትነግራት በየሳምንቱ ቅዳሜን ትጠብቅ ነበር። እኔ አልጠየቅኳትም፤ ምክንያቱም ብትነግረኝ ለሰብለ መንገር ሊኖርብኝ ነው። እናቴ ደግሞ ሞታለች። «ሌላ አላውቅም» አልኳት። ሰብለ ራሷን ነቅንቃ ብርጭቆዬን አንሥታ ወደ ማጠቢያው ወስዳ አጠበችው።

ዕድሜዋን የወሰድኩባት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እናቷንም ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ እኔን የፈረደብኝ ግን ካፌ ያልወጣው ነው።

ለጋሽ ታምራት ነግሬዋለሁ፤ አርጅቷል፣ አለቀሰ። የቀረበልኝን ኃላፊነት አልተቀበልኩም፤ ለምን እንዳልተቀበልኩም የፊታችን እሑድ ማይክ ይዤ በጉባኤው ፊት እናገራለሁ። ሰብለ እንድናገር ፈቅዳልኛለች፤ እሷ ግን አትመጣም። ያኔ ኖር ብለው የተነሡት ልጆች ዛሬ ወላጆች ናቸው፤ ሰምተው እንደሚጠሉኝ አውቃለሁ። ይጥሉኝ።

ሌላም የጀመርኩት ሥራ አለ። ኮልፌ እዚያ ግቢ ውስጥ የኖሩትን ሰዎች እየፈለግኩ ነው። አንዲት ሴት ሲያትል አገኘሁ፤ ስለ አስካለ የምታስታውሰው ደርባባ እንደነበረች ብቻ ነው። አንድ አዛውንት አዲስ አበባ አሉ፤ ጆሯቸው አይሰማም፣ የልጅ ልጃቸው እየጮኸ የምለውን ያደርስልኛል፤ አስካለ እናቷን ለመጠየቅ ስትሄድ ዶሮዋን እሳቸው ዘንድ ታስጠብቅ እንደነበር ነገሩኝ። ያገኘሁትን ሁሉ፣ ትንሽም ብትሆን፣ ለሰብለ በስልክ እነግራታለሁ። ስለ ዶሮዋ ስነግራት ስሟ ምን ነበር አለችኝ። የዶሮዋን ስም ለመጠየቅ ዛሬ ደግሞ ደወልኩ።

ሰብለን ይቅር በይኝ አላልኳትም። አንድ ቀን ልትለኝ አፏን ስትከፍት አቋረጥኳት። ይቅር ብትለኝ መደወሉን የማቆም ይመስለኛል።